ያልተከፈተ ደብዳቤ የሸጠው በር

ሰው ስለ ኢሜይል ሽያጭ ሲያወራ ስሰማ እስከ ዛሬ ጨጓራዬ ይላጣል። ሰውየው ምንም አልበደለኝም። ግን «ይሄን ያህል ሺህ አድራሻ አለን፣ ከላክንላቸው ውስጥ ከመቶ ይሄን ያህሉ ገዝቷል» ብሎ ደረቱን ሲነፋ፣ ቡራዩ ውስጥ አንድ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የሰው ስልክ በእጄ ይዤ፣ ላብ በጀርባዬ ሲወርድ ይታየኛል። ስለዚያች አርብ ላጫውታችሁ። ታገሱኝ፤ ሳወራው አሁንም እናደዳለሁ።

ያኔ የምሠራው ዓለም ገና፣ ከጅማ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ የበርና የኪችን ካቢኔት ማምረቻ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ የቤት ኪራይ እየገፋ እየገፋ ሰበታ አድርሶኛል። ሥራዬ በኢሜይል መሸጥ ነው። ይሄን ለአከራዬ ሳስረዳቸው «ታዲያ ዕቃውን በምን ታመላልሰዋለህ?» ብለውኝ ነበር፤ አብራርቼ አብራርቼ ሲደክመኝ «በሚኒባስ» ብዬ ተገላገልኩ። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ከየቦታው የተሰበሰበ፣ ቤት እየጨረሱ ያሉ ሰዎች አድራሻ አለን፤ በየሳምንቱ በአማርኛና በኦሮምኛ ደብዳቤ እጽፍላቸዋለሁ፤ ከዚያ ከላክንላቸው መቶ ሰው ስንቱ ገዛ ተብሎ ይቆጠራል። ኮንቨርዥን የሚባለው ይሄው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ደብዳቤዎቹን በቀልድ አልጽፋቸውም ነበር። «ቅናሽ፣ ቅናሽ» ብቻ የሚል ነገር ስለማልወድ፣ ግድግዳው ሳይደርቅ በር ቢገጠም ምን እንደሚሆን፣ ለመታጠቢያ ቤት የትኛው እንጨት እንደሚሻል፣ አናጢ ሲያታልል በምን እንደሚታወቅ እጽፋለሁ። አንዷን ለመጨረስ ሁለት ቀን የሚፈጅብኝ ጊዜ ነበር። ማንም መልስ ጽፎልኝ አያውቅም፤ እኔም «ሰው ሥራ ይበዛበታል» እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

የማምረቻው ባለቤት ኦቦ ለሚ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ከአናጢነት ተነስተው እዚህ የደረሱ ሰው ናቸው። ጣውላ በጣታቸው አንኳኩተው ደረቅ ይሁን እርጥብ ይናገራሉ። ኮምፒውተር ላይ የወጣ ቁጥርን ግን አያንኳኩትም፤ ከወጣ ወጣ ነው።

ሐሙስ ጠዋት አስጠሩኝ። «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ና ቁጭ በል» አሉኝ፤ ፊታቸው በርቷል። ሂሳብ ክፍሉ የገዢዎችን ስም ከኢሜይል ዝርዝሩ ጋር አስተያይቶ ነበር። በዝርዝሩ ካሉት ከመቶው ዘጠኙ ገዝቷል።

«ዘጠኝ» አሉ፣ ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረጉ። «ወንድሞቼ ኢሜይል ምን ያደርጋል እያሉ ሲያሾፉብኝ ነበር። ቅዳሜ ለስብሰባ ይመጣሉ፤ አሳያቸዋለሁ።»

ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ። ቀጥለው የተናገሩትን ስሰማ ግን ወሽመጤ ቁርጥ አለ።

«እንግዲህ ደብዳቤው ቁጭ ብሎ ከሸጠልን፣ ሰላማዊት በየሰፈሩ የምትዞረው ለምንድን ነው? ከዚህ ወር በኋላ እናሰናብታታለን።»

ሰላማዊት ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሰበታ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረች የበር መቃን የምትለካና ትዕዛዝ የምትቀበል ሠራተኛችን ናት። ሁለት ልጆቿን ለብቻዋ በዚህ ሥራ ነው የምታሳድገው። ምላሷ ስለት ነው፤ እኔና እሷ ተስማምተን አናውቅም። ቢሆንም ሰምቼ አልወጣሁም።

«ኦቦ ለሚ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» አልኩ። «ኮምፒውተሩ ደብዳቤውን ማን እንደከፈተም ያሳያል። ከገዙት ውስጥ የከፈተ የለም ማለት ይቻላል። ሳይከፍቱት እንዴት ገዙ?»

«ሲስተሙ ነዋ» አሉ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ።

በየሄድንበት «ሲስተም የለም» በምንባልበት አገር ምን ብዬ ልከራከር? እውነቱን ለመናገር እኔም ሲስተሙ ይሆናል ብዬ ነበር የገመትኩት። ኦቦ ለሚ ቀጠሉ። «አንድ ገዢ ፈልግና ‹ኢሜይል አይቼ ነው የገዛሁት› ሲል በቪዲዮ ቅረጽልኝ። ለወንድሞቼ አሳያለሁ። ቡራዩ አቶ ወርቁ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ዝርዝርህ ውስጥም አሉ። ቤታቸውን ሰላማዊት ታሳይሃለች።»

«ሰላማዊት?»

«ሌላ ማን ያውቀዋል?»

አያችሁልኝ? ቤቱን የሚያውቅ ከእሷ ሌላ ሰው የለም፤ እሷ ደግሞ አታስፈልግም። ይሄ አፋቸው ላይ እንዳለ እንኳን አልከነከናቸውም።

አርብ ጠዋት ተያይዘን ወጣን። ከዓለም ገና አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ፤ በየቦታው ሰልፍ፣ በየቦታው ግፊያ። ሰላማዊት ሜትሯ ያለበትን ቦርሳ ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮት ታያለች። አስኮ ስንደርስ ወደ እኔ ዞረች።

«ሰማሁ እኮ» አለችኝ ድንገት።

«ምኑን?»

«ደብዳቤህ እግር አውጥቶ በር እየሸጠ ነው አሉ።»

«ሰላማዊት፣ እኔ ስለ አንቺ መባረር አንድም ቃል አልተናገርኩም።»

«ቁጥሩን ያወጣው ማነው?»

«ሂሳብ ክፍሉ።»

«ደግ። የምለካውን በር ሁሉ ሂሳብ ክፍሉ መጥቶ ይለካዋ።» ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ከእሷ ጋር መጨቃጨቅ ድሮም አያዋጣኝም።

አቶ ወርቁ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አዲስ አበባ ኖረው፣ ቡራዩ ላይ የሠሯት ቤት ገና ቀለም ሳትቀባ ገብተውባታል። ሰላማዊትን ሲያዩ እሳቸውም ባለቤታቸው እትዬ አስካለም «የት ጠፍተሽ ነው?» እያሉ ተቀባብለው አቀፏት። እኔን በጨዋ ደንብ ጨበጡኝ። ሶፋው ላይ ተቀመጥን፤ ስልኬን ማቆሚያው ላይ አድርጌ አነጣጠርኩ።

«አባባ፣ ብዙ አላደክምዎትም» አልኩ። «‹ኢሜይል ደርሶኝ፣ አንብቤ፣ ወድጄው በሩን ገዛሁ› ቢሉልኝ ይበቃል።»

«ምን ደርሶኝ?»

«ኢሜይል።»

«ቴሌግራሙን ነው?»

«አይ፣ ኢሜይል። ከማምረቻው በየሳምንቱ የሚመጣልዎት ደብዳቤ።»

አቶ ወርቁ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «አስካለ፣ ደብዳቤ መጥቶልን ነበር?»

«ኧረ እኔ አላየሁም» አሉ እትዬ አስካለ። «ከግቢ ውጪ ጥለውት ሄደው ይሆናል።»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ። ከዝርዝሩ አድራሻቸውን አውጥቼ አሳየኋቸው። አቶ ወርቁ መነጽራቸውን አድርገው ስማቸውን በላቲን ፊደል አንድ በአንድ አነበቡ። «ስሙስ የኔ ነው» አሉ፤ «ግን ማን አወጣልኝ?»

«ስልኩን ይስጡኝ እስቲ» አልኩ። አሁን ሳስበው አጠያየቄ ትንሽ ስድነት ነበረው፤ ግን ነገሩ ለእኔ የክብር ጉዳይ ሆኖብኝ ነበር። ስልካቸውን ከፍቼ ፈለግሁ። ማንም የማይነካቸው ምልክቶች የተጠራቀሙበት ጥግ ውስጥ የኢሜይሏን ምልክት አገኘኋትና ተጫንኳት።

ሁሉም እዚያ ነበሩ። ስለ ግድግዳ መድረቅ የጻፍኩት፣ የመታጠቢያ ቤቱ፣ የአናጢው፣ የበዓሉ ሰላምታ። ያልተነበበ ነገር እንደሚሆነው ሁሉ በደማቁ ተጽፈው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረው። አንዲቷ እንኳን አልተከፈተችም። ከስክሪኑ ላይ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ።

«አሃ፣ ገባኝ» አሉ አቶ ወርቁ። «ስልኩን ስገዛ የሞባይል ቤቱ ልጅ ‹ይሄ ከሌለ ስልኩ አይሠራም› ብሎ የሆነ ነገር ከፈተልኝ። እሱ ይሆናል።»

በቃ፣ ይሄው ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ምናልባት የእናታችሁም ስልክ እንደዚያው ነው። ስልክ ሻጩ ኢሜይል ከፍቶ፣ የሚስጥር ቁጥሩን ራሱ ሰጥቶ፣ ራሱ ረስቶ ይልከናል። እኔ ደግሞ ለእነዚህ አድራሻዎች ነው ሁለት ሁለት ቀን እየፈጀሁ የምጽፈው።

«ታዲያ ይሄ አድራሻ እኛ ጋ እንዴት መጣ?» አልኩ፣ ለማን እንደምናገር እንኳን ሳላውቅ።

«እኔ ነኛ» አለች ሰላማዊት። ድምጿ አልተለወጠም። «ኦቦ ለሚ ኢሜይል የሌለበት የትዕዛዝ ቅጽ አልቀበልም አሉ። ሰውን ኢሜይል ስጠኝ ስለው የለኝም ይላል። ምን ቁርጥ አርጎኝ ነው ትዕዛዝ የሚመለስብኝ? ስልኩን እቀበልና ከውስጡ እገለብጣለሁ።»

«መቼ? በሩን ከመለካትሽ በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ ነዋ። ያልለካሁለት ሰው ስልኩን ለምን ይሰጠኛል?»

ያኔ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ከየቦታው ከተሰበሰቡት ሌሎች አድራሻዎች የገዛ የለም፤ የገዙት ዘጠኙ እሷ ያስገባቻቸው፣ ቀድሞውኑ ሊገዙ የወሰኑ ሰዎች ናቸው። እሷ አሳምና፣ ለክታ፣ ትዕዛዝ ጽፋ ስትጨርስ አድራሻቸው ወደ እኔ ይመጣል። እኔ ደብዳቤ እልካለሁ። እነሱ ሳያዩት ይገዛሉ። ሂሳብ ክፍሉ «ተላከላቸው፣ ገዙ» ብሎ ይደምራል። ዘጠኙም የእሷ ነው፤ በገዛ ሥራዋ ልትባረር ነው።

እትዬ አስካለ እጄ ላይ ያለውን ስልክ ጎንበስ ብለው እያዩ ነበር። «ማነው ይሄን የጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ይሄን ሁሉ? ለእኛ?»

«ለ... አዎ።»

«እስቲ አንዱን አንብብልኝ።»

የመታጠቢያ ቤቱን አነበብኩላቸው፤ የትኛው በር እርጥበት እንደማይችል፣ ከሥሩ ምን ያህል ክፍተት እንደሚያስፈልገው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ወይ ጉድ» አሉ። «ከሌላ ቦታ የገዛነው የመታጠቢያ ቤታችን በር አብጦ አልዘጋ ብሎ በጨርቅ ነው የምንወትፈው። ምነው ይሄን ቀድመን በሰማን ኖሮ።»

ደብዳቤው አለመሥራቱን ባወቅሁ በደቂቃ ውስጥ፣ ቢነበብ ኖሮ ይሠራ እንደነበር ደግሞ አወቅሁ። የቱ ይበልጥ እንዳናደደኝ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

«ታዲያ በራችሁን ለምን ከእኛ ገዛችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ከእሷ ነዋ የገዛነው» አሉ እትዬ አስካለ፣ ወደ ሰላማዊት በአገጫቸው እያመለከቱ። «ልትለካ ቀጠሮ ይዛ ስትመጣ የወርቁ እናት ሞተው ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ይህች ልጅ ሜትሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ለቅሶ ተቀመጠች። በነጋታውም መጣች፤ ውሃ ስትቀዳ፣ ዕቃ ስታጥብ ዋለች። ስለ በር ትንፍሽ አላለችም። ከአርባው በኋላ ራሳችን ደወልንላት።»

ሰላማዊት ወለሉን እያየች ነበር። «ሰው ሞቶበት መቃን እለካለሁ እንዴ?» አለች ቀስ ብላ።

ይሄን ጊዜ አቶ ወርቁ ሸሚዛቸውን አስተካክለው ወደ ካሜራው ዞሩ። «በል ልጄ፣ ልበልልህ። ኢሜይል አይቼ ገዛሁ ማለት ነው አይደል? ለሰላማዊት የሚጠቅማት ከሆነ ምን ችግር አለው፤ እኔ እላለሁ።»

እሷን ሊጠቅሙ ብለው እሷን ሊያስባርሩ ነው። ሰላማዊትን አየኋት። ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ትጮህብኛለች ብዬም ጠበቅሁ።

«ይበሉለት፣ አባባ» አለች። «እሱም እኮ እንጀራው ነው።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቪዲዮው ካለ እኔ እቆያለሁ፣ እሷ ትሄዳለች። እውነቱ ከወጣ ደብዳቤው ምንም አልሸጠም፤ ያልሸጠ ደብዳቤ ጸሐፊ ደግሞ ማንም አይቀልብም። አቶ ወርቁ ቀና ብለው፣ ጉሮሯቸውን አጽድተው እየጠበቁኝ ነው። ስልኬን ከማቆሚያው አነሳሁትና ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ ቤት ወጥተን ሌሎች ገዢዎች ቤትም ሄድን። አሁን ጠያቂው እኔ ነበርኩ፤ ሰላማዊት ታንኳኳለች፣ እኔ ስልካቸውን እንዲያሳዩኝ እለምናለሁ። በሄድንበት ሁሉ ያው ነው፤ ደማቅ፣ ያልተነካ፣ ያልተከፈተ። አንድ ሰውዬ እንዲያውም «ይሄ ቀይ ቁጥር ቫይረስ መስሎኝ ፈርቼ ነው ያልነካሁት» አለኝ።

ቅዳሜ ስብሰባ ገባሁ። ኦቦ ለሚና ሁለቱ ወንድሞቻቸው ተቀምጠዋል። ቪዲዮው የታለ ተባልኩ። የለም አልኩና ያየሁትን ሁሉ ዘረገፍኩት። ኦቦ ለሚ ሰምተው ሲጨርሱ «ላክንላቸው?» አሉ።

«አዎ።»

«ገዙ?»

«አዎ፣ ግን...»

«ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?»

«አላነበቡትም፣ ኦቦ ለሚ።»

«ገዝተዋል አይደል እንዴ?»

እንደገና አስረዳሁ። እንደገና «ገዝተዋል» አሉ። ከግድግዳ ጋር የማወራ መሰለኝ። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና «እሺ» አልኩ፣ «ለእነዚሁ ሰዎች ደብዳቤ በመላክ ፈንታ በየሳምንቱ ስማቸውን እየጠራሁ ጸሎት ባደርስላቸውም ዘጠኙ ይገዙ ነበር። ያኔ ጸሎቴ ሸጠ ይሉ ነበር? ካላመኑኝ እንሞክረው። ለአንድ ወር ለቡራዩ ደብዳቤ አልላክ፣ ሰላማዊት ብቻ ትሂድ። ሱሉልታ ደግሞ እሷ አትሂድ፣ እኔ ብቻ ልላክ። ያኔ ማን እንደሚሸጥ ይታያል።»

ታናሽ ወንድማቸው መሳቅ ጀመሩ። ኦቦ ለሚ ግን አልሳቁም፤ አተኩረው አዩኝ። «ራስህን እያባረርክ እንደሆነ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

ኦቦ ለሚ ጣውላ የሚያንኳኩበትን ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ፣ ዘጠኝ ቁጥር ላይ አሳርፈው አንዴ መቱት። «ሞክሩት» አሉ።

ሞከርነው። ቡራዩ ሰላማዊት እንደ ወትሮዋ ሸጠች። ሱሉልታ እኔ ከመቼውም የበለጠ ተጠብቤ ጻፍኩ፤ አንድ በር አልተሸጠም። ወሩ ሲያልቅ ደብዳቤው ቆመ። «ይቅርታ» ያለኝም፣ «ደግ አደረግህ» ያለኝም ሰው የለም። ኦቦ ለሚ «ሰኞ ከሰላማዊት ጋር ውጣ፤ መለካት ታስተምርሃለች፤ ካልፈለግህ በሩ ያውልህ» አሉኝ፤ ሰኞ አብሬያት ወጣሁ። ሰላማዊት በሥራዋ አለች። ከወራት በኋላ ለቴሌግራም ሌላ ሰው ተቀጠረ፤ እሱም ቁጥር ይዞ ይመጣል፣ ኦቦ ለሚም ፊታቸው ይበራል። ሳየው አሁንም ጨጓራዬ ይላጣል።

እናንተ እንደ እኔ ቁጥር ተሰጥቷችሁ ደስ ያላችሁ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ገዙ ከተባሉት ሰዎች ወደ አንዳቸው ቤት ሂዱ። ደብዳቤያችሁን ከፍተውት እንደሆነ እዩ፤ ቀድሟችሁ ያን በር ያንኳኳው ማን እንደሆነም ጠይቁ። መልሱ ላያስደስታችሁ ይችላል። እኔን አላስደሰተኝም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ማን ምን እንደሠራ ሳላጣራ በሰው እንጀራ ላይ የሚፈርድ ቁጥር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

ደብዳቤው ከቆመ በኋላ አንድ ቅዳሜ ሱሉልታ መቃን ስለካ ስልኬ ጮኸ። እትዬ አስካለ ነበሩ።

«ዮናስ፣ ደህና ነህ ልጄ? አሞሃል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ እትዬ። ምነው?»

«ደብዳቤህ ቀረብን እኮ። ያን ቀን ካሳየኸን በኋላ ወርቁ መነጽሩን እያደረገ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ አነበበልኝ። ጨርሰን አዲሱን ስንጠብቅ ጠፋህ። ሰግተን ነው።»

ሜትሩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳቸው። ሌላ በር የመግዛት ሐሳብ የላቸውም፤ በማንም ሂሳብ እትዬ አስካለ ዜሮ ናቸው። እንደዚያም ሆኖ ማታ ሰበታ ቤቴ ገብቼ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ያበጠ የመታጠቢያ ቤት በር ሳይነቀል እንዴት እንደሚላግ፣ ከሥሩ ምን ያህል እንደሚቆረጥ፣ ጠርዙ በምን እንደሚቀባ ከሰላማዊት ጠይቄ ያወቅሁትን ሁሉ ጻፍኩ። ለአንድ አድራሻ ብቻ ላክሁት።

በነጋታው ሳይ ተከፍቷል።